ቀድሞ የነበረ

ወረቀቱ ያምራል፤ ያብለጨልጫል ዳሩ፤
ሁለት አዛውንቶች ተቃቅፈው ሲያበሩ፣
ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ አንድም አልወለቀ፤
እንዲህ ያለ ሽበት የት አገር ጸደቀ?

ናትናኤል ይባላል፤ ክራቫቱን አስሮ
ከጀልባው ማቆሚያ አገኘኝ ዘንድሮ።
«አባባ» ይለኛል፣ «የቀበሌው መድን
በቃኝ ባለ ጊዜ፣ ተጨማሪው ሽፋን
ከዚያ ይረከባል፤ አልጋም፣ ምርመራም፣
ከውጭ የሚገዛ ውድ መድኃኒትም።»

እኔ ሠላሳ ዓመት ጀልባ ስዘውር ኖርሁ፤
ከባሕር ዳር ደቅ፣ ከደቅ ጎርጎራ አደርሁ።
ውኃ ማንበብ አውቃለሁ።
ሞገድ ሲያጎነብስ፣ ነፋስ ሲያመነታ፣
የትኛው ደመና ማታ እንደሚመታ፣
ድንጋዩ ሳይነካኝ ድንጋዩን አያለሁ።
ይኼን ግን፣
ይኼን ደቃቅ ፊደል፣ ከገጹ ግርጌ ላይ
እንደ ትንኝ መንጋ የሰፈረውን ሳይ፣
መነጽሬን አወልቃለሁ፣ መልሼ አጠልቃለሁ፣
«አንብብልኝ» እላለሁ።

አነበበ።
«ዕድሜው ከስድሳ አምስት ያለፈ እንደሆነ
መዋጮው እጥፍ ነው።»
ሰባ አንድ ነኝ። እሺ።
«ከተመዘገቡ ስድስት ወር ሳይሞላ
ክፍያ አይጠየቅም።»
እንግዲህ ሕመሜን እግሩ ሥር ልውደቅ፣
እስከ ሐምሌ ድረስ ደጅ ጠንቶ እንዲጠብቅ።
«ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፈንም።»
ይኼን ጊዜ ሣቅሁ።

ቀድሞ ያልነበረ ምን አለኝ፣ አንት ልጅ?
ስኳሩ ነበረ፤ ደም ግፊቱም ወዳጅ
ከሆነን ቆይቷል፤ ጉልበቴን የበላው
የሞተሩ ንዝረት፣ የንጋት ብርድ ነው።
እኔው ራሴ እኮ ነኝ ቀድሞ የነበረ፣
ይኼ ዘንባባ ሲተከል ውኃ ያመላለሰ፣ ጉድጓድ የቆፈረ።

ማታ ያለምዘውድ ወረቀቱን ዳሰሰች፤
ዓይኗ ከደበዘዘ ሦስት ዓመቱ፣ በጣቷ ታያለች።
«ልስላሴው!» አለች። ቆየት አለችና፦
«እምቦጭም ሲያብብ ያምራል።»

ዝም አልሁ። ትዝ አለኝ ያ ቀን፣ ሐይቁ ሜዳ መስሎ፣
ሐምራዊ አበባው እስከ አድማስ ተጥሎ፣
ተሳፋሪው ሁሉ «ፎቶ አንሡኝ» ብሎ፣
ሥሩ ግን ከታች ሞተሬን ጠቅልሎ
ቀጥ እንዳደረገን።

የቀበሌውን ካርድ አላማውም፤ ደግ ነው።
በጥር ይታደሳል፣ ጤና ጣቢያ ያስገባል፣
ሪፈር ካጻፍህበት ሆስፒታል ያደርሳል።
ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ስትደርስ ግን
ልጅቱ ቀና ሳትል «የለም፤ ከውጭ ይግዙ።»
ከውጭ። ከውጭ ያለው ጡረታዬ ነው፣
እሱም ወሩ ሳይጋመስ ያስለዋል።

ለዕድሩ ከፍያለሁ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፤
ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ተሸካሚው፣ ተሰናድቷል ሁሉ።
ብሞት ሽፋኔ ሙሉ ነው፤ ዕድሜ አይጠይቁኝም፣
«ቀድሞ የነበረ» ብለው አይመልሱኝም።
መኖር ነው ጣጣው። መኖር ነው ወረቀት
የሚበዛበት።

ደግሞ ቅጹ ላይ ያለው የስም ቦታ አንድ ነው፤
ገንዘባችንም ለአንድ ሰው ነው።
«ያንተን ጻፍ» አለችኝ። «ያንቺን» አልኋት።
እንዲህ ተጨቃጭቀን አናውቅም፣
ለሠርጋችን በግ እንኳ።

ሲነጋ ተመለስሁ። «የዓይን ጠብታስ፣ ልጄ? ይሸፍናል ወይ?»
ወረቀቱን ወሰደ፤ አነበበ፤ ደገመ፤
ጣቱ መስመር ስቶ እንደ ሰከረ ቆመ።
አየሁት፤ ያልገባበትን ውኃ የሚዘውር ልጅ።
ክራቫቱን ፈታ አደረገ። «አላውቅም፣ አባባ» አለኝ።
ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት።

«ና ተቀመጥ» አልሁት።
ጀመርን፤ ከላይ ሳይሆን፣ ከሥዕሉ ሳይሆን፣
ከግርጌው፣ ከትንኞቹ፣
መቅዘፊያ ሰዶ ድንጋይ እንደሚፈልግ ሰው፣
እሱ እያነበበ፣ እኔ እየጠየቅሁ።

ቤት ውስጥ ያለምዘውድ ብልቃጧን ከጆሮዋ አስጠግታ
ትነቀንቃለች፤ ትቆጥራለች።
አሥራ አንድ ጠብታ ይሆናል፣ ትላለች።